የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፋውንዴሽን የሚሉት ዓመት መውጫው የት ነው?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን የዚህ ዓምድ ደብዳቤ ይበዛል። ዘንድሮም የመጡትን ይዤ ፈረንጅ አራዳ ቡና ልጠጣ ተቀመጥኩ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ሲኒዬ ቀዘቀዘ። ግማሽ ያህሉ የሚጠይቀው ስለ አንድ አገር ነው፤ ስለ እንግሊዝ። ልጄን የት ላስገባው? ስንት ያስወጣል? ፋውንዴሽን ምንድነው? ኤ ሌቨልስ?

ይህን ነገር ኖሬበታለሁ። በ1998 ዓ.ም. ከጅማ ተነስቼ ሰሜን እንግሊዝ ገባሁ። አንድ ዓመት ፋውንዴሽን (ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያዘጋጅ ትምህርት)፣ ሦስት ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ። አሁን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለዚህ ይሁን።

ጥያቄ፦ «ቡና ነጋዴ ነኝ። ልጄ ዘንድሮ ከ600 ውስጥ 487 አመጣ። ሐኪም መሆን ነው ሕልሙ። አንድ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ‹አንድ ዓመት ፋውንዴሽን ይማርና ቀጥታ ሜዲስን ይገባል፣ የማይቀበለው ዩኒቨርሲቲ የለም› አለኝ። ለማስጀመሪያ ብር ጠይቆኛል። ቡናው ሲሸጥ ልከፍለው ነው። ምን ይመክሩኛል?» — ከመርካቶ፣ ጅማ

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። 487 ቀልድ አይደለም። ብሩን ግን ገና ካልሰጡት፣ አይስጡት።

ለምን እንዲህ እንደቸኮልኩ ልንገርዎት። ለእኔም አባት አንድ ሰው ይህንኑ ቃል ብሎት ነበር። ቃል በቃል፤ «ፋውንዴሽን ትማርና ሜዲስን ትገባለች»። አባቴ አይሱዙውን ሸጠ። እኔም ሄድኩ። በሁለተኛው ሳምንት አማካሪዬ አስጠራችኝና «ቀጥሎ ምን ልትማሪ ነው ያሰብሽው?» አለችኝ። «ሜዲስን» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ። ዝም አለች። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች። ከዚያ ፋውንዴሽን በኋላ የሚገባባቸው ዲግሪዎች ዝርዝር ነው። ባዮሎጂ አለ። ባዮሜዲካል ሳይንስ አለ። ሜዲስን የለም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ከጀርባው ካለ ብዬ። ጀርባው ባዶ ነው።

ያን ማታ ለአባቴ ደውዬ «ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው» አልኩት። እውነቱን የነገርኩት ስመለስ ነው። «ታዲያ አይሱዙዬ ባዮሎጂ ሆነ በይኛ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን እስካሁን አይሱዙ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ፋውንዴሽን ለምን ተፈጠረ? የእንግሊዝ ልጅ በ16 ዓመቱ ጂሲኤስኢ የሚባል ፈተና ይወስዳል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አንዳንዴ አሥር ትምህርት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ኤ ሌቨል ይማራል። ኤ ሌቨል ላይ ትምህርቱ ወደ ሦስት ይጠብባል። ሦስት ብቻ! ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብ ከመረጠ ሌላ ነገር የለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እነሱን ይቆፍራል። 18 ዓመት ሲሞላው ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ዲግሪውም በእንግሊዝ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት የሚሆነው ለዚህ ነው። እኛ ፍሬሽማን ላይ የምንማረውን እነሱ ኤ ሌቨል ላይ ጨርሰው ነው የሚመጡት።

የእኛ ልጅ ግን አሥራ ሁለተኛን የሚጨርሰው ስድስት ትምህርት ተፈትኖ ነው። ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ግን የኤ ሌቨልን ያህል አይደለም። ስለዚህ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ውጤት ብቻ ይዞ ለመጣ ልጅ አንደኛ ዓመት አያስገቡም። ያቺን ክፍተት የሚሞላው ነው ፋውንዴሽን። ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። አንዳንዱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይሰጣል። አንዳንዱን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተዋዋሉ ድርጅቶች ይሰጣሉ፤ ካፕላን፣ ኢንቶ፣ ስተዲ ግሩፕ፣ ናቪታስ የሚባሉትን ይሰሙ ይሆናል።

ልብ ይበሉ፣ ጋሼ፤ ፋውንዴሽን እንደ ኤ ሌቨል የአገር ፈተና አይደለም። ኤ ሌቨል የትም ያስኬዳል። የፋውንዴሽን ወረቀት ግን የሚሠራው በሚቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ነው፤ ያውም ለተወሰነ የትምህርት ዓይነት፣ ያውም የተጠየቀውን ነጥብ ካመጣ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ እንዲህ ዓይነቱን ፋውንዴሽን በአብዛኛው አይቀበሉም። የሕክምና ትምህርት ቤቶችም እንደዚያው። የሚቀበሉ ጥቂቶች አሉ፤ እነሱም ለይተው የሚያውቁት ፋውንዴሽን አላቸው። «የማይቀበለው የለም» ያሉዎት ሰው ወይ አያውቁም፣ ወይ ያውቃሉ። ሁለቱም ለእርስዎ አይበጅም።

ሜዲስን ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። በእንግሊዝ ለውጭ ተማሪ የተመደበው ቦታ በቁጥር የተገደበ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ዩካት የሚባል የተለየ ፈተና ይጠይቃሉ። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ሁሉ የሚያልፈው ዩካስ በሚባል አንድ ቦታ ነው፤ የሜዲስን ማመልከቻ በየዓመቱ ኦክቶበር 15 ይዘጋል። በእኛ ጥቅምት 5 መሆኑ ነው። ትምህርቱ ደግሞ የሚጀምረው በቀጣዩ ዓመት መስከረም ነው። ክፍያው በዓመት ከ40,000 ፓውንድ የሚበልጥባቸው ብዙ ናቸው፤ ይህን በአምስት ወይ በስድስት ዓመት ያባዙት። እኔ አባዝቼ ሲኒዬን አስቀመጥኩ።

ይህን ስጽፍ የማልፈው ነገር አለ። እርስዎ ያሉት ጅማ ነው። ከመርካቶ ባጃጅ ቢይዙ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳሉ። ያ ግቢ ሐኪሞቹን ኅብረተሰቡ መሃል እያወጣ በማስተማር ስም ያተረፈ ነው። ከሌላ ክልል ለዚህ ብለው የሚመጡ ልጆች አሉ። ልጅዎ እዚህ ሜዲስን ቢደርሰው፣ እንግሊዝን ለስፔሻላይዜሽን ማቆየት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የእኔ አስተያየት ነው፤ ሊጥሉት ይችላሉ።

«አይ፣ ፋርማሲም ባዮሜዲካልም ቢሆን እንግሊዝ ይሂድ» ካሉ ግን ፋውንዴሽን ደህና መንገድ ነው። ያኔ ኮሌጁን በኢሜይል እንዲህ ብለው ይጠይቁት፤ ልጅዎ ይጻፍልዎት። ከዚህ ፋውንዴሽን በኋላ በየትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የትኞቹን ትምህርቶች መማር ይቻላል? ስንት ነጥብ ያስፈልጋል? ነጥቡን ካመጣ ቦታው የተረጋገጠ ነው ወይስ እንደገና ያመለክታል? ባለፈው ዓመት ከጀመሩት ስንቶቹ ወደ ዲግሪ አለፉ? በጽሑፍ የማይመልስልዎት ኮሌጅ፣ ይቅርብዎት።

ወኪል መጠቀም ወንጀል አይደለም። ደህና ወኪል አለ። ነገር ግን ወኪሎች ኮሚሽናቸውን ባብዛኛው የሚያገኙት ከኮሌጁ ነው። ታዲያ ከእርስዎ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚጠየቀው ለምንድነው? ደግሞም የውጭ ተማሪ ለመቀበል ፈቃድ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ስም ዝርዝር በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። ስሙ እዚያ ከሌለ፣ ቪዛ የለም።

አሁን ስለ ገንዘቡ፤ የቡና ነጋዴ ስለሆኑ ይህን በደንብ ያንብቡልኝ። ፋውንዴሽን ብዙ ጊዜ ከ15,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ያስከፍላል። ለምሳሌ 20,000 ነው እንበል፤ ቦታ ለመያዝ 5,000 ከፈሉ። የቀረው 15,000 ነው። በዚያ ላይ የመኖሪያ ገንዘብ አለ። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ለንደን ለሚማር በወር 1,529፣ ከለንደን ውጭ 1,171 ፓውንድ ነው የሚጠይቁት፤ ቢበዛ እስከ ዘጠኝ ወር ይቆጠራል። ከለንደን ውጭ ዘጠኝ ወር ማለት 10,539 ነው። ሲደመር 25,539 ፓውንድ አካውንት ውስጥ መታየት አለበት።

መታየት ብቻ አይደለም። 28 ቀን በተከታታይ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። በ19ኛው ቀን የጭነት ኪራይ ለመክፈል ትንሽ አውጥተው ከዚያ ቁጥር በታች ቢወርድ፣ በማግስቱ ቢመልሱትም ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። መጋዘን ያለው ቡና አይቆጠርም። ቤት አይቆጠርም። መኪናም አይቆጠርም። ካሽ ነው የሚሉት። የወንድምዎ አካውንትም አይሆንም፤ በልጁ፣ ወይም በእናትና በአባቱ ስም መሆን አለበት። በወላጅ ስም ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና የፈቃድ ደብዳቤ ይያያዛል። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የእናትና የልጅ ስም በወረቀት ላይ አይገናኝም። የፈረንጅ ቢሮ ይህን አይቶ ግር ይለዋል። የልደት ወረቀቱን ከአሁኑ አስተካክለው፣ በእንግሊዝኛ ያውጡት።

ቪዛው በ2025 524 ፓውንድ ነበር። ለጤና አገልግሎት ደግሞ በዓመት 776 አለ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ግዴታ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የሚደረገው።

ጊዜውን ስሌት ውስጥ ያስገቡት። የእኛ ውጤት የሚወጣው የእንግሊዝ ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ነው። ዘንድሮ ለመስከረም አይደርስም። በጥር የሚጀምሩ ፋውንዴሽኖች ግን ብዙ አሉ፤ አንድ ዓመት ሳይባክን እዚያ ይገባል። የተማሪ ቪዛ መልሱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ትምህርቱ ከመጀመሩ ስድስት ወር ሲቀረው ማመልከት ይቻላል። ለጥር ከሆነ ያ 28 ቀን በኅዳር ይውደቅ። ቡናው ያን ጊዜ ተሸጦ ይሆን? ይህን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ «እህቴ፣ ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የአክስቴ ልጅ በርሚንግሃም ትኖራለች፣ ‹ላኪልኝ፣ እዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ትማራለች› ትለኛለች። እንደ እህት ነው ያደግነው። ልላካት?» — ከቆጪ፣ ጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ አይሆንም። የአክስትሽ ልጅ ክፉ አስባ አይደለም። እዚያ የተወለዱት ልጆቿ በነጻ ስለሚማሩ የሰው ሁሉ ልጅ እንደዚያ የሚማር መስሏት ነው።

ከ4 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የቻይልድ ስቱደንት ቪዛ አለ። በዚያ ቪዛ የሚማሩት ግን በሚከፈልበት የግል ትምህርት ቤት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መግባት አይፈቀድም። በቱሪስት ቪዛ አስገብቶ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ደግሞ ሕጉን መጣስ ነው፤ ኋላ የልጅቷ መዝገብ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ወጥመድ አለ። እንግሊዞች «ፐብሊክ ስኩል» ሲሉ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይመስልሽ። የድሮዎቹና ውዶቹ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው እንዲህ የሚባሉት! የመንግሥቱ «ስቴት ስኩል» ነው የሚባለው። በዚህ ቃል ብቻ ተሳስቶ ማመልከቻ የሞላ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

የግሉ ስንት ነው ካልሽኝ፣ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በዓመት ከ40,000 ፓውንድ በላይ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ መንግሥት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ቫት ጨምሯል። ለቪዛም የአንድ ዓመቱ የትምህርትና የአዳሪ ክፍያ በእጅ መኖሩ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ዘመድ ነገር። ለእኛ የአክስት ልጅ እህት ናት። የእንግሊዝ ሕግ ግን ለዘመድ መስመር አለው፤ አያት፣ ወንድም፣ እህት፣ አጎት፣ አክስት፣ የእንጀራ አባትና እናት። እዚያ ላይ ይቆማል። የአክስት ልጅ ከመስመሩ ውጭ ናት። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከመስመሩ ውጭ ያለ ሰው ዘንድ ከ28 ቀን በላይ ከኖረ፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማሳወቅ ግዴታ ነው። ከዚያ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤቱን ልታይ፣ ልጅቷንም ልታናግር ትመጣለች። «እንደ እህት ነው ያደግነው» ብትያት በትሕትና ትሰማሽና ፎርሙን ታወጣለች።

በእኔ ግምት የ15 ዓመት ልጅ ከእናቷ ተነጥላ የምትሄድበት ምክንያት እዚህ የለም። እዚያው ጅማ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ። እንግሊዝኛዋ ላይ ግፊበት። እጅሽ ላይ ገንዘብ ካለና የእንግሊዝን ፈተና ካልተውሽ፣ አዲስ አበባ እንደ ሳንፎርድ ያሉ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች የውጭ ተማሪ የሚወስደውን ጂሲኤስኢና አይቢ የሚባለውን ዲፕሎማ ያስተምራሉ። ያም ርካሽ አይደለም። ግን በዓል ሲሆን ቤቷ ትመጣለች።

16 ዓመት ሲሞላት ሌላ በር ይከፈታል። ኤ ሌቨል ወይም ቢቴክ የሚባለውን ወደ ሙያ የሚያደላ ትምህርት የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ፤ ፈቃድ ያላቸው የመንግሥት ኮሌጆችም በክፍያ የውጭ ተማሪ ይቀበላሉ፣ ከአዳሪዎቹም ይረክሳሉ። ያኔም ቢሆን እስከ 18 ዓመቷ ማን ዘንድ እንደምትኖር፣ ማን እንደሚከታተላት በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ስትደርሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ «ቲቸር፣ እኔ 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ከክፍል አንደኛ ነኝ። ቤተሰቦቼ አቅም የላቸውም። ቺቭኒንግ የሚባል ሙሉ ስኮላርሺፕ አለ አሉ። አሁን ማመልከት እችላለሁ?» — ከሄርማታ፣ ጅማ

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ ቺቭኒንግ ለማስተርስ ነው። ዲግሪ ይዘሽ፣ ሁለት ዓመት ያህል ሠርተሽ ነው የምታመለክቺው። አሁን አይመለከትሽም፤ ስሙን ግን ደብተርሽ ጀርባ ጻፊው።

ለአንቺ ዕድሜ የማውቀው እውነተኛ ዕድል ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ ነው። በተለያዩ አገሮች ኮሌጆች አሉት። የመጀመሪያው አትላንቲክ ኮሌጅ ነው፤ በ1962 በዌልስ፣ በባሕር ዳርቻ ላይ በቆመ የድሮ ግንብ ውስጥ የተከፈተ። ሁለት ዓመት አይቢ ይማራሉ። ተማሪ የሚመርጡት ብዙውን ጊዜ በየአገሩ ባሉ ኮሚቴዎች በኩል ነው። የገንዘብ ድጋፉም በቤተሰብ አቅም ነው የሚለካው። ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ነው የሚፈልጉት፤ ስለዚህ ለአንቺ ሰዓቱ አሁን ነው። ነጥብ ብቻ አያዩም። ምን ሠራሽ፣ ለሰፈርሽ ምን አደረግሽ፣ ከማይመስልሽ ሰው ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ ይላሉ። ለዚህኛው ጥያቄ ሄርማታ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ግቢ ስንት ቋንቋ፣ ስንት ሃይማኖት ነው ያለው!

አይቢ ስድስት ትምህርት ነው፣ ከ45 ይታረማል። ከኤ ሌቨል ይልቅ የእኛን ይመስላል። የእንግሊዝም ሆነ የሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ በደስታ ይቀበለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፋውንዴሽን ኮሌጆች «ስኮላርሺፕ አግኝተሻል!» ብለው ሲጽፉልሽ ቤት አገሩን እንዳታስጮኺ። ብዙ ጊዜ ከ20,000 ላይ 2,000 ወይ 3,000 መቀነስ ነው። እኛ መርካቶ ቅናሽ ነው የምንለው።

ጥያቄ፦ «ቲቸር፣ 50 ፐርሰንት ስላላመጣሁ ዩኒቨርሲቲ ሪሚዲያል ገብቻለሁ። ጓደኛዬ ‹የእንግሊዝ ፋውንዴሽን ያው ሪሚዲያል ነው፣ እዚያ ሄደህ ተማረው› አለኝ። አጎቴ ሊከፍልልኝ ፈቃደኛ ነው።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንገትህን ቀና አድርግ። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ መውሰድ ሲጀምሩ 50 በመቶ ያመጣው ከመቶ ሦስት ተማሪ ያህል ነው። ብቻህን አይደለህም።

ጓደኛህ ግን ተሳስቷል። ሪሚዲያል የወደቀውን ያነሳል። ፋውንዴሽን ያለፈውን ነው ወደ ሌላ ሥርዓት የሚያሻግረው። የአንዳንዱ ኮሌጅ መስፈርት ዝቅ ያለ ነው፤ ትራንስክሪፕትህን አይተው ሊቀበሉህም ይችላሉ። መግባት ሌላ፣ መውጣት ሌላ። መጨረሻ ላይ ነጥብ አለ፤ ለአንዳንዱ ዲግሪ 60፣ ለአንዳንዱ 70 ይላሉ። እዚያ ከወደቅህ የአጎትህ ፓውንድ አይመለስም። ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከዲግሪ በታች የሚማርበት ጊዜም በቪዛ ሕጉ በሁለት ዓመት ስለተገደበ እየደጋገሙ መሞከር የለም።

ደግሞ ትምህርቱ እንደኛ አይደለም። የመጀመሪያ ድርሰቴን ከመጽሐፍ ገልብጬ ሰጠሁ። እዚህ ጎበዝ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ መጽሐፉን እንደ ዳዊት መድገም። እዚያ ስርቆት ነው። ተጠርቼ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። የሰውን ሐሳብ ከየት እንዳመጣህ መጻፍ፣ ከዚያ «እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ» ማለት። አስተማሪውን በስሙ ጠርተህ «አልስማማም» ማለት። ይህን ለመልመድ እስከ ፋሲካ ፈጀብኝ። አስተማሪዬን በስሟ መጥራት ግን እስከ መጨረሻው አልቻልኩም፤ «ቲቸር» ስላት ትስቅ ነበር።

ስለዚህ ሪሚዲያሉን እለፍ፣ ፍሬሽማንን በደህና ነጥብ ጨርስ። ከዚያ በኋላ ፋውንዴሽን ሳያስፈልግህ አንደኛ ዓመት የሚቀበሉህ ዩኒቨርሲቲዎች ልታገኝ ትችላለህ። የአጎትህም ገንዘብ በአንድ ዓመት ይቀንሳል። ደግሞ ከላይ ለጋሼ እንዳልኩት ነው፤ በአጎት አካውንት ቪዛ አይጠየቅም። ገንዘቡ በአንተ ወይም በወላጅህ ስም ይግባ።

«ማትሪክ» የሚለው ቃል ራሱ ከእንግሊዝ እንደመጣ ታውቃለህ? አባቶቻችን ጄኔራል ዊንጌትን በመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ይፈተኑ ነበር፤ እዚሁ አገር ውስጥ ተቀምጠው። ቃሉ ቀረ፣ ፈተናው ተለወጠ።

ጥያቄ፦ «አይልትስ 5.5 አለኝ፣ ለፋውንዴሽን ይበቃል? እየተማርኩ ሠርቼ ክፍያዬን መሸፈንስ?»

መልስ፦ አይልትስ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ነው፤ ነጥብህ ለአብዛኛው ፋውንዴሽን ይበቃል። ከዲግሪ በታች ላለ ትምህርት የቪዛው መነሻ ቢ1 ነው፤ በአይልትስ በእያንዳንዱ ክፍል 4.0 መሆኑ ነው። ኮሌጁ ግን ከፍ ያለ ሊጠይቅ ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። የወሰድከው ተራው አይልትስ ነው ወይስ «ፎር ዩኬቪአይ» የሚለው? ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ወረቀቱ ግን ይለያያል። ለፋውንዴሽን ቪዛ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነውም አይሠራም። ሰርተፊኬትህን አውጣና እየው።

ሥራውን እርሳው። ፋውንዴሽን ላይ ሳለህ በትምህርት ወቅት በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ዲግሪ ስትገባ 20 ይሆናል። በ10 ሰዓት የአውቶቡስና የእንጀራ ይወጣ ይሆናል። እንጀራው ደግሞ እዚያ በፌስታል ታሽጎ፣ ደርቆ ነው የሚገኘው። እናትህ በሶ ትያዝልህ።